ለማያነብ አገር የተጻፈ ጋዜጣ

‹‹ባንዲራ›› የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ‹‹ባንዳ››ም እንደዚሁ። አንዱን በክብር ከፍ አድርገን እንሰቅላለን፤ ሌላውን በሰው ላይ ለመለጠፍ እንኳ አፋችንን ይመርረዋል። ሁለቱ ግን የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ አንድ ባሕር ተሻግረው አማርኛችን ቤት በእንግድነት ገብተው እንደ ባለቤት የተቀመጡ። ይህን የማነሣው ለቃላት ጨዋታ ብዬ አይደለም። በፋሽስት ወረራ የመጨረሻ ወራት ጣልያንን ለመውጋት በአማርኛ የታተመው ጋዜጣ ስሙ ‹‹ባንዲራችን›› ስለነበረ ነው። ጠላትን የሚዋጋ ጋዜጣ ስሙን ከጠላት ቋንቋ ተውሶ ሲወጣ ያን ጊዜ ግድ የሰጠው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቃሉ የኛ ከሆነ ቆይቷል። በዚያ ላይ ‹‹ችን›› የምትለዋ ትንሽ ጭራ የራሷን ሥራ ትሠራለች፤ ባንዲራ ሁሉም አገር አለው፣ ባንዲራችን ግን የኛ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣ ብዙ አይወራም። ስለ አርበኞች ስንናገር ውጅግራውን፣ ዲሞትፈሩን፣ ዋሻውንና ጫካውን እናነሣለን፤ ወረቀት ከመሣሪያ አይቆጠርም። የውጭ ጸሐፊዎችን መጽሐፍ የገለጠ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሹን ያገኛል። እዚያ ጎጃም የወጣችው በጥቂት እንግሊዛውያን መኮንኖች ብልጠትና ከአውሮፕላን በተበተነ ወረቀት ይመስላል፤ አራት ዓመት ሙሉ በረሃ ያደረው ገበሬ መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ይሆናል። ሁለቱም አይዋጡልኝም። ፍኖተ ሰላም ተወልዶ ቡሬ ዘመድ ጥየቃ እየተመላለሰ ላደገ እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለምና ዝም ብሎ ማለፍ አልሆንልህ አለኝ።

‹‹ባንዲራችን›› የተወለደው ካርቱም ነው። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በስደት ተረስተው የኖሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንድ ሌሊት ተፈላጊ ሆኑ። ወሩ ሳያልቅ ሱዳን ገቡ። አብሯቸው ከነበሩት አንዱ ጆርጅ ስቲር የተባለ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ጋዜጠኛ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱን ለለንደኑ ‹‹ታይምስ›› እየዘገበ አዲስ አበባ ነበር፤ እዚያው ከተማዋ በምትወድቅበት ሰሞን ሚስት አገባ። በዓመቱ ደግሞ እስፓኝ ሄዶ፣ ጉዌርኒካ የምትባለው የባስክ ከተማ በጀርመን አውሮፕላኖች መጋየቷን ለዓለም ያሰማው እሱ ነው። ካርቱም ላይ የመኮንን ልብስ ለብሶ የፕሮፓጋንዳውን ክፍል ያዘ። አዋጅ፣ በራሪ ወረቀት፣ ኋላም ‹‹ባንዲራችን›› ከዚህ ክፍል ወጡ።

የአማርኛ ጋዜጣ በሰው አገር ማተም ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝኛ በሃያ ስድስት ፊደል ይጨርሳል። የኛ ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር ከሁለት መቶ ሠላሳ ያላነሰ የእርሳስ ፊደል በየሳጥኑ ተደርድሮ በእጅ እየተለቀመ የሚገጠም ነው። አራሚው ደግሞ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ የንጉሥ ስም አንዲት ፊደል ቢሳሳት ሐሰተኛ ወረቀት ነው ይባላልና።

ለነገሩ ‹‹ባንዲራችን›› ብቸኛ አልነበረም። አዲስ አበባ በወደቀችበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ላይ ‹‹ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ›› የተባለውን ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም ቀን ጽፋበት አወጣች፤ ሃያ ዓመት አካሄደችው። ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ ‹‹የኢትዮጵያ ድምፅ›› የተሰኘ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ አቋቁሞ ጥቁር አሜሪካውያንን ይቀሰቅስ ነበር፤ ድሉን ሳያይ በ1932 ዓ.ም. ሞተ። በጎልድ ኮስት፣ ዛሬ ጋና በምንለው አገር፣ አንድ ጋዜጣ የአውሮፓውያንን ክርስትና በኢትዮጵያ ላይ በደረሰው ግፍ መዝኖ ስለጻፈ አዘጋጁ ናምዲ አዚኪዌና ጸሐፊው ዋላስ ጆንሰን በእንግሊዞች ፍርድ ቤት ተከሰዋል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚጻፉት ለሚያነብ ሕዝብ ነው። የለንደን ሰው ሳንቲሙን ከፍሎ ገዝቶ፣ ባቡር ላይ ተቀምጦ ያነባል።

ቡሬስ? ማንኩሳስ? ጅጋና ደምበጫስ? በዚያ ዘመን ጎጃም ውስጥ ጋዜጣ የሚያነበው ማን ነበር? ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረው ‹‹ብርሃንና ሰላም›› እንኳ በአብዛኛው የአዲስ አበባ የቤተ መንግሥትና የቢሮ ሰው ንባብ ነበር። የደጋ ዳሞት ገበሬ ፊደል አልቆጠረም። ጋዜጣ የሚባል ነገር በዓይኑ አላየም።

መልሱን ያገኘሁት ከአያቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባባ እንላቸዋለን። በ1933 ዓ.ም. ዳዊት ጨርሰው ቅኔ ሊገቡ የሚሰናዱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ ያደግሁበት ቤት ግድግዳው፣ በፍኖተ ሰላም እንደነበሩት ብዙ ቤቶች፣ በዱቄት ተቦክቶ በተለጠፈ ‹‹አዲስ ዘመን›› የተሸፈነ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አንገቴን ሰብሬ እያነበብሁ ነው ማንበብ የለመድሁት። አንድ ቀን አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ፣

‹‹እኛ ዘመን ወረቀት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ጉያ ውስጥ ነው የሚገባ›› አሉኝ።

‹‹በጣልያን ጊዜ ጋዜጣ ነበር እንዴ አባባ?››

‹‹ጋዜጣ ማለትን ማን ያውቃል ልጄ! ወረቀት ነው። ‘ወረቀት መጣ’ ይባላል፣ ሰው ይሰበሰባል።››

አዋጁም፣ በራሪውም፣ ጋዜጣውም ለሳቸው አንድ ‹‹ወረቀት›› ነው። አነባበቡን ሲነግሩኝ ግን የሚቀር ነገር አልነበረም። ቡሬ ከተማ የጣልያን ምሽግ ስላለ እዚያ አይሞከርም። ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ፣ የሚካኤል ማኅበር በሚጠጣበት ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ጸበል ጻዲቁ ከተነሣ በኋላ መሪጌታው ወረቀቱን ከደበሎው ውስጥ ያወጣሉ። መጀመሪያ አያነቡም። ከፍ አድርገው ማኅተሙን ያሳያሉ። አንበሳው ሲታይ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣል። አንዳንዱ ተቀብሎ ይስመዋል፤ ግንባሩ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ነው ንባቡ የሚጀመረው፤ እሱም እንደኛ ጋዜጣ አነባበብ አይደለም፤ መሪጌታው እንደ ተአምረ ማርያም ድምፃቸውን ስበው ያነቡታል። አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ሰው ‹‹ይደገም›› ይላል። ይደገማል። በማግስቱ የሰማው ሁሉ ተናጋሪ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልሁ። የኛ ሰው ጋዜጣ ሲያገኝ ‹‹ምን ይላል?›› ብሎ አይጀምርም ነበር፤ ‹‹ማን ላከው?›› ብሎ ነው። ዜና መጀመሪያ መልእክት ነው፤ መልእክት ደግሞ ባለቤት አለው። የንጉሥ ደብዳቤ ቆሞ መቀበል የቆየ ወግ ነው፤ ያ ወግ ሳይለወጥ ወደ ታተመ ወረቀት ተሻገረ። ካርቱም ያሉት ሰዎች ይህን አውቀው ከሆነ ብልሆች ነበሩ፤ ሳያውቁም ከሆነ ዕድለኞች።

‹‹ከተነበበው ሁሉ ምን ትዝ ይልዎታል?›› ብዬ ጠየቅኋቸው። የንጉሡን ቃል ይነግሩኛል ብዬ ነበር።

‹‹ያገር ስም›› አሉኝ። ‹‹በጌምድር እንዲህ ሆነ፣ ሸዋ እንዲህ አደረገ፣ የዓባይ ማዶው ሰው በረሃ ነው… እኛ ጣልያን ሁሉን ጨርሶ እኛ ብቻ የቀረን ይመስለን ነበር።››

ይህን ካሉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እሳቸውም አርፈዋል። እኔ ግን ስለ ‹‹ባንዲራችን›› ባሰብሁ ቁጥር ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ይቀድምብኛል። የጎጃም አርበኛ መዋጋትን ከጋዜጣ አልተማረም። ጣልያን መሣሪያ ፍታ ብሎ በየቤቱ ሲመጣበት፣ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ በሙሉ ተነሥቶ ነበር፤ ካርቱም ላይ አንድም የአማርኛ ፊደል ሳይገጠም። በላይ ዘለቀ ከቢቸና፣ ኃይሉ በለው፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በየበኩላቸው አገር ይዘው ነበር። የጎደለው ጀግና አልነበረም። አንዱ ሸለቆ የሌላውን መስማት ነው የጎደለው። ዓባይ ጎጃምን እንደ መቀነት ዙሮታል፤ ጣልያን ደግሞ መንገዱን ያዘ፣ ገበያውን ጠበቀ፣ ስልኩ በእጁ ነው። በዚህ መካከል ብቸኝነት ከረኀብ ይልቅ ሰውን ይፈታል። ጋዜጣው ያን ብቸኝነት ነው የወጋው።

ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ግራዚያኒ መሆኑ ይገርማል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በመጋቢት ወር ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም፣ ጠንቋዮችና እየዞሩ ወሬ የሚነግሩ አዝማሪዎች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን አስታወቀ። ስታስቡት ዕብድ ነገር ይመስላል። ታንክና መርዝ ያለው ጦር መሰንቆ ፈርቶ! ግን አልተሳሳተም። የዚህ አገር ጋዜጣ ማን እንደሆነ አጥርቶ አውቋል። አዝማሪው ከገበያ ገበያ፣ ከድግስ ድግስ ይዞራል፤ ፊት ለፊት የሚሰማው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ፊደል የቆጠረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ፤ በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ዘፋኝ፣ ተማሪ፣ መነኩሴ። ግራዚያኒ አንድ የዝግጅት ክፍል ሲደመስስ እንደነበር ነው የሚታየኝ።

የደመሰሰውን ደግሞ በራሱ ተካ። ጣልያን በአማርኛ ‹‹የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ›› የሚል ጋዜጣ ያሳትም ነበር። እዚህ ላይ ለኛ ለጎጃሞች የሚያም ነገር አለ። በዘመኑ ከነበሩት የአማርኛ ጸሐፊዎች ሁሉ ብዕሩ የሰላው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ››ን አሳትሞ የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመረው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ የዘጌ ሰው ነው። በወረራው ዘመን ከጣልያን ጋር ቆመ፤ የተሰጠው ማዕረግም ‹‹አፈ ቄሳር›› ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ‹‹አፈ›› ይዞ ተወልዶ፣ መጨረሻ ላይ አፉን ለቄሳር አከራየ። ስለ አፈወርቅ ስናስተምር ይህችን ምዕራፍ ዘለል የማድረግ ልማድ አለብን። አልወደውም። ምርጡ አማርኛ ከጠላት ወገን ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ለአንባቢ ክትባት ነው።

በዚህ ወገን ደግሞ ሌላ ጎጃሜ አለ። ዮፍታሔ ንጉሤ፣ የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ የቅኔ ሰው፣ ባለ ተውኔት። ጣልያን ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደደ፤ ‹‹አፋጀሽኝ›› የተባለውን ተውኔቱን የጻፈው በዚያ ስደት ነው። አፈወርቅና ዮፍታሔ የአንድ ዓባይ ውሃ ጠጥተው ያደጉ፣ ሁለቱም የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ፣ ሁለቱም በቃል የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ላይ ቄሳርን አገለገለ፤ ሌላው ካርቱም በረሃ ላይ ስደት በላ። የ1933 ዓ.ም. ጦርነት በቡሬ ምሽግ ላይ ብቻ የተደረገ አልነበረም ስል ይህን ማለቴ ነው።

የቄሳርም ወረቀት ጎጃም ይደርስ እንደነበር አባባ ነግረውኛል። ‹‹የነሱም ይነበባል›› አሉኝ፣ ‹‹እንዲያውም ደህና አድርጎ ይነበባል። ሰሙን እነሱ ጻፉት፣ ወርቁን እኛ አወጣን።›› ሳቁ። ‹እዚህ ቦታ ሽፍቶች ተደመሰሱ› ከተባለ፣ እዚያ ቦታ አርበኞች አሉ ማለት ነው። ሰላም ሰፍኗል ከተባለ መንገዱ ተዘግቷል። ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ አገር ለጋዜጣ ፍቺ ይቸገራል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነበር።

ስለ ‹‹ሽፍታ›› ካነሣሁ፣ ዋናው ጦርነት በዚህች ቃል ላይ ነው። ጣልያን በረሃ ያለውን ሁሉ ሽፍታ ይለዋል። እንግሊዞችም በመጀመሪያ ሰነዶቻቸው ‹‹ዐማፅያን›› ይሏቸው ነበር፤ ‹‹አርበኞች›› ማለት የጀመሩት ቆይተው ነው። ዐማፂ ሕጋዊ መንግሥት ላይ የሚነሣ ነው፤ እንዲያ ካልን ሕጋዊው መንግሥት ጣልያን ሊሆን ነው። አርበኛ ካልን ግን መንግሥት ሌላ ቦታ አለ፣ አገሩም አልጠፋም። ለበረሃው ሰው ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ ‹‹የሽፍታ ልጅ›› ወይም ‹‹የአርበኛ ልጅ›› ተብሎ እንደሚያድግ ያውቃል።

ወረቀቱ እንዴት ይመጣ እንደነበርም ልጨምር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የተባለ፣ ከወረራው በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ ገበሬ ሆኖ የኖረ እንግሊዛዊ፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። የዓባይ ምንጭ ባለባት በሰከላ በኩል ሰፍረው ይጻጻፉ ጀመር። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ጥይት ማከፋፈሉ አይደለም፤ እርስ በርስ ይጠባበቁ የነበሩትን መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን ማስታረቃቸው ነው። ሁለቱ ባይታረቁ ‹‹ባንዲራችን›› ለየትኛው ቤት ይነበብ ነበር?

ከሰማይ የሚወርደውም አለ። እዚህ ላይ የአገሬን ሰው አስቡልኝ። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቦምብ ነው። አውሮፕላን ሲሰማ ከብቱን ጥሎ ገደል የሚገባ ሰው፣ አንድ ቀን ድምፁን ሰምቶ ተኝቶ ሲነሣ ማሳው በወረቀት ተሸፍኗል። አባባ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ቀን የነካው አልነበረም፤ መርዝ ነው ተብሎ። አንዲት ሴት በዱላ ገልብጣ አንበሳውን አየች፤ ከዚያ በኋላ የለቀመው ሁሉ ለራሱ አንዳንድ ደበቀ፤ የማያነበው ሁሉ። ክታብ አድርጎ በአንገቱ ያንጠለጠለም ነበር።

ጣልያን ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ ሌላ ወረቀት አይደለም፤ ሰው ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉን፣ ኃይለ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ሽረው ያሰሯቸውን፣ ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ ላካቸው። ይህ ከባድ ምት ነበር። ለጎጃም ሰው የአገሩ ባላባት ከካርቱም ማኅተም ይልቅ ይቀርበዋል፤ ስንቱም ወላውሏል። ‹‹ማን ላከው?›› ለሚል ሕዝብ ጣልያን ትክክለኛውን መልስ አገኘሁ ብሎ ነበር። የዘገየ መልስ ሆነበት እንጂ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ ባንዲራዋ ተሰቀለች። ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው የጣልያን ጦር ብዙ ዕጥፍ። ይህ ትንሽ ጦር የፕሮፓጋንዳ ሰዎችንም ይዞ ነበር የሚዘምተው፤ በምሽጎች ፊት በድምፅ ማጉያ እየጮኹ በጣልያን ሥር የተሰለፈውን አበሻ ክዳ ይሉታል። ጋዜጣው በመጨረሻ ድምፅ ሆነ ማለት ነው፤ መሪጌታው በማኅበር ቤት ያደርጉት የነበረውን እንግሊዝ በኤሌክትሪክ አደረገው። የቡሬው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የመጣበትን ጦር ከእውነተኛው እጅግ አብዝቶ ገምቶ የካቲት 25 ቀን ከተማውን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም እጅ ነሡ።

(ማንኩሳን ዛሬ የሚያውቃት ሰው በዚህ አይደለም የሚያውቃት። ሐዲስ ዓለማየሁ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ከዚያ ስለጀመሩት ነው። ሐዲስ ራሳቸው ያን ጊዜ ኢጣሊያ ውስጥ እስረኛ ነበሩ። መጽሐፋቸውም በ1958 ዓ.ም. ቢታተምም፣ ገጠር የደረሰው በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነበው ነው። እንደገና በጆሮ!)

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር። ‹‹ባንዲራችን›› ለነጻነት ቆሟል፤ ያለ ጥርጥር። ግን ያሳተመው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ደግሞ ለራሱ ጦርነት ነበር የመጣው። ከዚያው ክፍል በንጉሠ ነገሥቱ ስም ለኤርትራውያን ወታደሮች የተበተነ ወረቀት ነበር፤ ከእናታችሁ ከኢትዮጵያ ተቀላቀሉ የሚል። ብዙዎች ሰምተው ከጣልያን ከድተዋል። ያ ወረቀት የዘራው ተስፋ ኋላ ስንት መዘዝ እንደጎተተ ለብቻው ጽሑፍ ይጠይቃል። ሌላም አለ። ጋዜጣው ለአርበኛው ‹‹ብቻህን አይደለህም›› ሲል፣ በዚያው አፉ ‹‹የምትዋጋውም ለዚህ ማኅተም ነው›› ይለዋል። በረሃ ያደረው ሁሉ እንዲያ አላሰበም። አንዳንዱ የተዋጋው ለርስቱ ነው፣ አንዳንዱ ለሃይማኖቱ፣ አንዳንዱ ለተገደለ ወንድሙ። ንጉሡ አገር ጥለው መውጣታቸውን ይቅር ያላለም ነበር። ወረቀቱ እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ዐረፍተ ነገር አደረጋቸው። ለጦርነቱ የግድ ያስፈልግ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እንዲያ ባይሆን ራስ ኃይሉ ባሸነፉ ነበር። ዋጋው ግን ኋላ ተከፈለ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ግንቦት 30 ቀን ‹‹አዲስ ዘመን›› መታተም ጀመረ፤ ‹‹ሰንደቅ ዓላማችን›› የሚባል ሳምንታዊም በአማርኛና በዐረብኛ ወጣ። ስሙን ልብ በሉት፤ ባንዲራ ሄዶ ሰንደቅ ዓላማ መጣ። አገር ነጻ ሲወጣ የተውሶ ቃል መመለስ አለበት ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ሕዝቡ ግን አልመለሰም፤ እስከ ዛሬ ባንዲራ ነው የሚለው።

ስቲር በ1937 ዓ.ም. በገና ዕለት፣ በፈረንጆቹ ገና፣ በበርማው ጦርነት ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ። አፈወርቅ ጅማ ተግዞ እዚያው አረፈ፤ ዮፍታሔም በ1939 ዓ.ም.። በላይ ዘለቀ፣ አምስት ዓመት አንድ ቀን ሳይሰደድ የተዋጋው፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ተይዞ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ስለሱ ቢቸና በኩል በሠርግና በበዓል የሚዜመውን ይዘው የኖሩት እነዚያው ባለመሰንቆዎች ናቸው፤ በ1929 ዓ.ም. ይረሸኑ የተባሉት።